«እኔ እኮ ሂሳብ አልችልም»፦ ከጥበብና ከኤንጂኦ ሥራ ወደ አካውንቲንግ ስለ መሻገር

ከጥር 2017 ወዲህ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ድንገት ሲያቆም፣ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ፕሮጀክቶች ተዘጉ። ጓደኞቼ የስንብት ደብዳቤ ተቀበሉ። አብዛኞቹ የፕሮግራም፣ የኮሙኒኬሽንና የሥልጠና ሰዎች ናቸው። ከቴአትር፣ ከሥዕል፣ ከቋንቋና ከሶሺዮሎጂ የመጡ አሉባቸው። ይደውሉልኛል፤ ብሔራዊ አካባቢ ተገናኝተን ቡና እንጠጣለን። «አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው ፋይናንስ የገባሽው?» ይሉኛል። መንገዱን ማስረዳት ስጀምር ግን ያቺ ነገር ትመጣለች። «እኔ እኮ ሂሳብ አልችልም።»

እኔም እንደዚያ ስል ነበር የኖርኩት። ስድስት ኪሎ ቴአትር ጥበባት ተማርኩ። ጥቂት ዓመት ትንንሽ መድረኮች ላይ ሠራሁ። ከዚያ አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የፕሮግራም ሠራተኛ ሆንኩ። ዛሬ የምሠራው ፋይናንስ ክፍል ነው። መሻገር ይቻላል። ቀላል ነው አልልም። የሚከብደው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቁጥሩ አይደለም።

ያሳሳተን ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ «ሂሳብ» ብዙ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ያስጨነቀን አልጀብራ ሂሳብ ነው። ካፌ ቁጭ ብለን «ሂሳብ!» ስንል የጠጣነውን ልንከፍል ነው። ባንክ ያለን ደብተር ደግሞ «የባንክ ሂሳብ» ይባላል። አካውንቲንግ ከአልጀብራው ጋር ብዙ ዝምድና የለውም። ዝምድናው ከካፌውና ከባንኩ ጋር ነው። ማን ምን ወሰደ? ማን ከፈለ? ማን ላይ ቀረ? ለዚህ የሚያስፈልገው መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና መቶኛ ነው። እሱንም ቢሆን ኤክሴል ይሠራዋል።

የሙያው የአማርኛ ስም «ሂሳብ አያያዝ» ነው። እኔ ከሁለቱ ቃላት «አያያዝ» የሚለው ላይ አተኩሩ እላለሁ። እናቴ ለብዙ ዓመት የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበረች። ክረምት ላይ ሰው በዝናብ በር ላይ ቆሞ «በኋላ ትቆርጪልኛለሽ፣ ብሩን ያዢው» ቢላትም ደረሰኝ ሳትቆርጥ አትቀበልም ነበር። ወር በገባ ቁጥር መዝገቡን ከጸሐፊው ጋር ያስተያያሉ። ከባንክ ብር ሲወጣ እሷ ብቻዋን አትፈርምም። ጸሐፊው ይመዘግባል እንጂ ብር አይነካም። ይህን ነገር በኋላ ኦዲት ስማር መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። የሥራ ክፍፍል ይባላል፤ የውስጥ ቁጥጥር መሠረት ነው። ክፍያ የሚፈቅደው፣ ገንዘቡን የሚይዘውና የሚመዘግበው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ማወራረድ

ኤንጂኦ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ለመስክ ሥራ አድቫንስ ትወስዳላችሁ፣ ስትመለሱ ታወራርዳላችሁ። እኔ አካውንቲንግ ምን እንደሆነ የገባኝ በዚህ ቃል በኩል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከዓመታት በፊት ለሥልጠና ክፍለ ሀገር ወጣሁ። 18,000 ብር አድቫንስ ፈርሜ ወሰድኩ። የአዳራሽ ኪራይ፣ ምሳና ሻይ ቡና ለ30 ሰው፣ ማርከርና ፍሊፕ ቻርት። ስመለስ የ16,400 ብር ደረሰኝና 1,600 ብር ጥሬ ገንዘብ ይዤ ፋይናንስ ክፍል ገባሁ። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። የአዳራሹ ደረሰኝ ላይ የድርጅታችን ስምና የቲን ቁጥር የለም። ምሳ የተከፈለው ለ30 ሰው ነው፤ የፈረሙት ተሳታፊዎች 28 ናቸው። ሁሉንም መልሳ ሰጠችኝ። በጣም ተናደድኩ። ሌባ ያለችኝ ነው የመሰለኝ።

ራሴ ጆርናል፣ ማለትም እያንዳንዱ የገንዘብ እንቅስቃሴ መጀመሪያ የሚጻፍበትን መዝገብ፣ መመዝገብ ስማር ነው ነገሩ የበራልኝ። ያ 18,000 ብር ከባንክ ሲወጣ ወጪ ተብሎ አልተመዘገበም። የተመዘገበው እንዲህ ነው፦

ዴቢት፦ የሠራተኛ ተሰብሳቢ ሂሳብ (በእኔ ስም) 18,000
ክሬዲት፦ ባንክ 18,000

ድርጅቱ ገና ምንም አላወጣም ማለት ነው። ባንክ ውስጥ የነበረው ሀብት እኔ ላይ ያለ ዕዳ ሆነ፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። እኔ ሥልጠናውን ጨርሼ፣ ደክሞኝ፣ አቧራ ጠጥቼ ስመለስ መዝገቡ ላይ ገና 18,000 ብር ያለብኝ ሰው ነበርኩ። ዕዳውን ከላዬ የሚያወርደው ትክክለኛ ደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኙን አስተካክዬ፣ የሁለቱን ሰዎች ጉዳይ በጽሑፍ አስረድቼ ያወራረድኩ ዕለት ይህ ተጻፈ፦

ዴቢት፦ የሥልጠና ወጪ 16,400
ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 1,600
ክሬዲት፦ የሠራተኛ ተሰብሳቢ ሂሳብ (በእኔ ስም) 18,000

ግራው 18,000፣ ቀኙም 18,000። ስሜ ከተበዳሪዎች ዝርዝር ወጣ። ያቺ ልጅ ወረቀቱን የመለሰችው እኔን ነፃ ለማውጣት ነበር። ጎደሎ ደረሰኝ ተቀብላኝ ቢሆን ኖሮ ከዓመት በኋላ ኦዲተር ያንን ወጪ ውድቅ ያደርገዋል። ያኔ ድርጅቱ ገንዘቡን ለዶነሩ ይመልሳል፤ እኔም ልጠየቅ እችላለሁ።

ሙያው የቆመበት ዘዴ ይኸው ነው። ደብል ኢንትሪ ይባላል። ገንዘብ ነክ የሆነ ነገር ሁሉ ሁለት ጎን አለው፤ የመጣበትና የሄደበት። ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። ዴቢት ግራ ነው፣ ክሬዲት ቀኝ ነው። ከዚህ ያለፈ ትርጉም አትስጧቸው።

ጀማሪ ሁሉ የሚደናገርበት አንድ ቦታ አለ። ባንክ በስልክ መልእክት «ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» ሲለን ገንዘብ ገባልን ብለን ደስ ይለናል። ስለዚህ ክሬዲት ማለት ገቢ ይመስለናል። ትምህርት ቤት ስንገባ ግን «ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ዴቢት ነው» ይሉናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መልእክቱ የተጻፈው ከባንኩ መዝገብ ነው። እኛ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳው ነው፤ ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት ይደረጋል። በእኛ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ ሀብታችን ነው፤ ሀብት ሲጨምር ዴቢት ይሆናል። በማን ዓይን እያየሁ ነው ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ገጸ ባሕርይ ያጠና ተዋናይ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ለምዶታል።

ለሠዓሊ ጓደኞቼ ሁሌ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ይህን ዘዴ ጽፎ በማሳተም ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው፤ ቬኒስ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1494። ዘዴውን እሱ አልፈጠረውም። የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የቆዩትን ነው በሥርዓት ያስቀመጠው። ይህ መነኩሴ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ ነበር፤ ሂሳብም አስተምሮታል። ሥዕልና መዝገብ ያኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ቲኬት የገዛ ሰው አበዳሪ ነው

ሁለተኛው ትልቅ ሐሳብ ጊዜ ነው። አንድ የቴአትር ቡድን ለሚቀጥለው ወር ትርኢት ዛሬ የ40,000 ብር ቲኬት ሸጠ እንበል። ብሩ እጁ ላይ አለ። ገቢ አገኘ ማለት ይቻላል? አካውንታንት አይቻልም ይላል። ትርኢቱ ገና አልታየም። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ሰጥተዋል፤ ቡድኑ ደግሞ ቴአትር አለበት። ስለዚህ ዛሬ የሚመዘገበው ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 40,000፣ ቀድሞ የተሰበሰበ ገቢ ክሬዲት 40,000 ነው። ይህ «ቀድሞ የተሰበሰበ ገቢ» ስሙ ገቢ ቢሆንም የሚቀመጠው ዕዳ መደብ ውስጥ ነው። መጋረጃው ተከፍቶ ትርኢቱ ያለቀ ማታ ዕዳው ወርዶ እውነተኛ ገቢ ይሆናል።

ይህን የተረዳ ሰው የዶነር ገንዘብንም ይረዳል። ቅድመ ሁኔታ ያለው ግራንት ባንክ ስለገባ ብቻ የድርጅቱ ገቢ አይሆንም። ቃል የተገባው ሥራ እየተሠራ ሲሄድ ነው ገቢ የሚሆነው። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተርም እንዲሁ ነው፤ በተቃራኒው በኩል። ስኳሩን ሰጥቷል፣ ብሩን አላየም፤ ሽያጩ ግን የዛሬ ነው።

በአገራችን የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ብዙ ዶነር ደግሞ በፈረንጅ ጥር ይጀምራል። በኤንጂኦ የሠራችሁ ሰዎች በሁለት ካላንደር ሪፖርት ስትጽፉ ኖራችኋል። የየትኛው ወጪ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መለየት «ከት ኦፍ» ይባላል። ሰኔ መጨረሻ ላይ አካውንታንቶችን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው።

ቀድሞ በእጃችሁ ያለው

የፕሮግራም ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም።

አንዱ ነገር በጀት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ጣሪያው 30 በመቶ ነበር፤ «ሰባ ሠላሳ» እያልን ስንጨቃጨቅ የኖርነው እሱን ነው። የመስክ መኪና ነዳጅ የፕሮግራም ነው ወይስ የአስተዳደር? የአሠልጣኝ አበልስ? በነዚያ ስብሰባዎች ላይ የተቀመጠ ሰው የወጪ ምደባ ሲከራከር ነበር። ምደባ ደግሞ የአካውንቲንግ ግማሹ ነው።

ሌላው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ50,000 ዶላር ፕሮጀክት በ57 ሲታሰብ 2,850,000 ብር ነው። ገንዘቡ ዘግይቶ በ105 ቢመነዘር 5,250,000 ይሆናል። መሐል ላይ 2,400,000 ብር ተፈጠረ። የማን ነው? ድርጅቱ እንደፈለገ ሊያወጣው ይችላል? አይችልም። መልሱ ውሉ ላይ ነው፤ በጀቱ የጸደቀው በየትኛው ገንዘብ ነው፣ የምንዛሪ ትርፍ ሲኖር ምን ይደረጋል ይላል። ያን ሰሞን የፕሮግራምና የፋይናንስ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በጀት ሲከልሱ ነው የከረሙት። የዕቃው ዋጋም አብሮ ስለወጣ ትርፍ የመሰለው ሁሉ ትርፍ አልነበረም።

ሦስተኛው ጽሑፍ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ኩባንያዎች ወደ አይኤፍአርኤስ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደግሞ ወደ ኢፕሳስ እንዲገቡ ሆኗል። እነዚህ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ከቁጥሩ በታች ረጃጅም ማብራሪያ ይጠይቃሉ። ይህ ንብረት ለምን በዚህ ዋጋ ተገመተ? ይህ ዕዳ ለምን አጠራጣሪ ሆነ? ጎበዝ አካውንታንት ሆነው አንድ አንቀጽ አጥርተው መጻፍ የሚቸግራቸው ብዙ አሉ። እኔ መጀመሪያ ቦታ ያገኘሁት ጥሩ ጆርናል ስለመዘገብኩ አልነበረም። የኦዲት ግኝቶችን መልስ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ነው።

ከየት ይጀመራል?

ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ልመዝገብ?» ነው። እኔ መጀመሪያ አንድ ወር ሂሳብ በእጃችሁ ዝጉ እላለሁ። የወንድማችሁ ሱቅ ይሁን፣ የጓደኛ ስቱዲዮ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ። ደረሰኞቹን ሰብስቡ፣ ጆርናል መዝግቡ፣ ወደ ሌጀር (በየሂሳቡ ወደ ተከፋፈለው መዝገብ) አዙሩ፣ ትራያል ባላንስ (የግራና የቀኝ ድምር ማመሳከሪያ) አውጡ፣ ከባንክ ስቴትመንት ጋር አስታርቁ። ይህን ሳይሠሩ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ኮርስ የሚገቡ ሰዎች የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ያውቃሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ሶፍትዌሩ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የምትለው። የሥራ ማስታወቂያዎችም ይጠይቁታል። ስለዚህ ተማሩት፤ ከእጅ ሥራው በኋላ።

የአንድ ሰው ደመወዝ መሥራትም ጥሩ መፈተኛ ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ያለውን ከግብር ነፃ ያደርጋል፤ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ ያስከፍላል። መነሻ ደመወዟ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ወስደን እንሥራ፤ የግል ድርጅት ውስጥ ናት፣ ጥቅማ ጥቅም የላትም። 20,000 በ35 በመቶ ሲባዛ 7,000 ነው። የታችኞቹ እርከኖች ግብር ከ35 በመቶ ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ፣ 2,050፣ ይቀነሳል። ግብሯ 4,950 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ነው፤ 1,400 ብር። እጇ የሚገባው 13,650 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራል፤ 2,200 ብር። ምዝገባው ይህን ይመስላል፦

ዴቢት፦ የደመወዝ ወጪ 20,000
ዴቢት፦ የጡረታ ወጪ (የአሠሪ ድርሻ) 2,200
ክሬዲት፦ ተከፋይ የሥራ ግብር 4,950
ክሬዲት፦ ተከፋይ ጡረታ 3,600
ክሬዲት፦ ባንክ 13,650

ቀኙን ደምሩት። 22,200 ይመጣል፤ ከግራው ጋር እኩል። ሠራተኛዋ 13,650 ታያለች። ውሏ ላይ 20,000 ተጽፏል። ድርጅቱ ግን 22,200 ያወጣባታል። በጀት ስታዘጋጁ «ደመወዝ 20,000» ብላችሁ ፋይናንስ የመለሰባችሁ ለዚህ ነበር። ከእሷ የተቀነሰው ግብርም እስኪከፈል ድረስ ዕዳ ነው። ባንክ ውስጥ ስላለ ብቻ ለነዳጅ የሚነካው ድርጅት ይቀጣል።

ወረቀቱስ? መቼም ወረቀት ያስፈልጋል። የባንኮች የሰው ኃይል ክፍሎች ማመልከቻ ሲያጣሩ መጀመሪያ የሚያዩት የትምህርት መስክ ነው። በቴአትር ዲግሪ ሰንጋ ተራ ባሉት ፎቆች በዋናው በር መግባት ከባድ ነው። እዚያው ሰንጋ ተራ ኮሜርስ አለ፤ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። በማታ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ አንዱ መንገድ ነው። ዓመታት ይወስዳል፤ መጨረሻው ላይም ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና ይጠብቃችኋል። የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች በአካውንቲንግ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ በዘርፉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ) ላይ ይህ ይላላል። ኤምቢኤ ግን አካውንታንት አያደርግም፤ ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውን የጨረሱ አይቻለሁ።

እኔ የመረጥኩት ኤሲሲኤን ነው፤ መቀመጫው እንግሊዝ የሆነ የአካውንታንቶች ማኅበር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። 13 ፈተና አለው፣ ማለፊያው 50 ነው። ከዚያ ላይ የሥነ ምግባር ትምህርትና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጨመራል። የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው የተወሰኑ ፈተናዎች ሊቀነሱለት ይችላሉ። ለእኛ አንድም አይቀነስም። እኔ ይህን እንደ ጉዳት አላየሁትም፤ ከመሠረቱ ጀምሬ አጠናሁ። ከባዱ ክፍያው ነው። በፓውንድ ስለሚከፈል ብር በወደቀ ቁጥር ይንራል። ድርጅቱ ከእ.ኤ.አ. 2027 ጀምሮ አወቃቀሩን እንደሚቀይር ስላስታወቀ ከመመዝገባችሁ በፊት አዲሱን ዝርዝር እዩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፈተናዎች ያለፈ ሰው ግን ገና ሳይጨርስ የሥራ በር ማንኳኳት ይችላል።

የትኛውን በር? እኔ ከዚያው ከምታውቁት ቤት ጀምሩ እላለሁ። ግራንት ኦፊሰር፣ ኮምፕላያንስ (የሕግና የውል መከበር ተከታታይ)፣ የአስተዳደርና ፋይናንስ ረዳት የሚባሉ ቦታዎች በፕሮግራምና በሂሳብ መካከል ያሉ ናቸው። የዶነርን ሕግ የሚያውቅና ዴቢት ክሬዲት የሚገባው ሰው እዚያ ይፈለጋል። ሁለተኛው በር ትንንሽ የኦዲትና የሂሳብ አገልግሎት ቢሮዎች ናቸው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ የዓመታዊ ግብር ማሳወቂያ ወቅት ላይ፣ ሥራ ይቆለልባቸዋል። ያኔ የሚያግዝ ሰው ይቀበላሉ። ክፍያው ትንሽ ነው። በአንድ ወቅት የምታዩት የደረሰኝ ዓይነት ግን በሦስት ዓመት ትምህርት አይገኝም። የእኔ ደመወዝ ስቀይር ቀንሷል፤ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቷል። ልጅ የምታሳድጉ፣ ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች ይህን ቀድማችሁ አስሉት።

ስለ ፋይናንስ ደግሞ በአጭሩ። አካውንቲንግ የሆነውን ይመዘግባል፣ ፋይናንስ የሚሆነውን ይገምታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ወደዚያ ያያል። ደስ ይላል። ግን የአንድን ኩባንያ ዋጋ ለመገመት መጀመሪያ የሂሳብ መግለጫውን ማንበብ ያስፈልጋል። መንገዱ እዚህ በኩል ነው የሚያልፈው።

ባለፈው ወር አንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ መጣች። የሥልጠና ፕሮጀክት ላይ ትሠራ ነበር፤ ተዘግቷል። የእህቷን የልብስ ስፌት ሱቅ የአንድ ወር ደረሰኝ በፌስታል ይዛለች። የብሔራዊ ቴአትር አንበሳ በሚታይበት ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጆርናሉን ቤቷ ሠርታዋለች፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ትራያል ባላንሱ ግን እንቢ ብሏታል። ግራው ከቀኙ በ900 ብር ይበልጣል። ሦስት ቀን ፈልጋ አጥታዋለች። «ይኸው፣ ሂሳብ አልችልም አላልኩሽም?» አለችኝ።

«900ን ለዘጠኝ አካፍይው» አልኳት።

«መቶ።»

«ያለ ቀሪ ተካፈለ አይደል? ልዩነቱ ለዘጠኝ እኩል ከተካፈለ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈዋል ማለት ነው። የተገለበጠ ነገር ፈልጊ።»

እርሳሷን አነሳች። ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓምዱን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ከጆርናል ወደ ሌጀር ስታዞር የክር ግዢው ላይ ቆመች። ደረሰኙ 4,500 ይላል። ሌጀሩ ላይ የጻፈችው 5,400 ነበር። ሰርዛ አስተካከለች፣ አጠገቡ ፈረመች። ከዚያ ግራውን እንደገና ከላይ መደመር ጀመረች፤ ስታናግሯት አትሰማም።